በለሱ ከዝርዝሩ እንዲወጣ

ለምወድዎ አባቴ፣

እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎ ክረምቱን እንዴት ይዞታል? የእማዬስ ሳል ተሻላት? እኔ አቡነ አረጋዊ ይመስገን ደህና ነኝ። ደውዬ ልነግርዎ ነበር፤ ስልክ ላይ ግን ድምፄ ያሳብቅብኛል፤ ስለዚህ ጻፍኩ።

የበለሱን ነገር ልንገርዎ። ከኦሎምፒያው ሥራዬ ፈቃድ እየጠየቅሁ፣ የተባዩን መድኃኒት ልለምን ካዛንቺስ ወዳለው መሥሪያ ቤት ስመላለስ ጥበቃዎቹ እንኳ በስሜ መጥራት ጀምረዋል። ጉዳያችንን የያዙት ባለሙያ አቶ ገብረጻድቃን ይባላሉ። ክፉ ሰው አይደሉም። ክፉ ቢሆኑ ይሻለኝ ነበር፤ ተጣልቼ እገላገል ነበር። በለስ የመጤ ወራሪ ዝርያዎች ዝርዝር ውስጥ ነው አሉኝ። አያቶቻችን ያጠሩበት በለስ ዝርዝሩ ላይ አለ፤ ትናንት መጥቶ የሚያደርቀው ነጭ ተባይ ግን የለም። መድኃኒት ስጡን ስላቸው፣ ወራሪን ለሚያጠፋ ነገር ማጥፊያ በጀት አይያዝም አሉ።

እሸት እስኪደርስ ክረምቱን የሚያሻግረን በለሱ መሆኑን ነገርኳቸው። ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ፤ እሳቸውም በልጅነታቸው በልተውት ማደጋቸውን አጫወቱኝ። ከዚያ፣ ዝርዝሩን የሚቀይረው ኮሚቴ ነው፣ ኮሚቴው ደግሞ ናሙና ሳያይ አይወስንም አሉኝ።

ናሙናውን አባዲ ይዞልኝ እንደመጣ ያውቃሉ። ወንድሜ እሾሁ ጀርባውን እየወጋው፣ በማዳበሪያ ተሸክሞ ሰንጋ ተራ ቤቴ ደረሰ። ሲልኩት፣ የመንደሩ ጎረምሳ ሁሉ ባሕር ልሻገር እያለ ወጥቶ አልቋል፣ መልሱ እስኪገኝ ከዓይንሽ አታርቂው፣ አደራ ብለውኝ ነበር።

አብረን ሄድን። በሩ ላይ ጥበቃዋ ማዳበሪያውን ፈትታ አየችና ወደ ላይ ደወለች። ዝርዝሩ ላይ ያለን ዝርያ ያለ ፈቃድ ከቦታ ቦታ ማዘዋወር ክልክል ነው ተባልን። ፈቃዱን ማን ይሰጣል ብዬ ብጠይቅ ያው ኮሚቴው ነው። ያመጣነውን ወርሰው አቃጠሉት። እኔ ሳቄ መጣ፤ ሌላ ምን ላድርግ? አባዲ ግን አልሳቀም። እስከ ባምቢስ በእግራችን ሄድን። ከዚያ፣ እትዬ፣ እናንተ ኮሚቴ ስትጠብቁ ተባዩ አይጠብቅም አለኝ። እውነቱን ነው።

አባዬ፣ አቅቶኛል። ማመልከቻውን ግን አልተውኩም። ኮሚቴው መቼ ይሰበሰባል ስላቸው አቶ ገብረጻድቃን ከመስከረም በኋላ አሉኝ፣ ዓይን ዓይኔን ሳያዩ። እስከዚያ ከደጃችን በለስ ምን ይተርፋል?

አባዲ ለምን አይደውልም ላሉት፣ ስልኩ ተበላሽቶበት ነው። ትቶት የሄደውን ጋቢ አጥቤ አስቀምጬለታለሁ። እማዬ ልብስ ልላክለት ወይ ብላ ከሆነ፣ ለጊዜው ይቆይ በሏት።

አንድ ነገር ግን ልለምንዎ። ከማያውቁት ቁጥር ከተደወለልዎ፣ የውጭ አገር ቁጥርም ቢሆን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ በእግዜር ይዤዎታለሁ፣ ያንሱት። የሚያናግርዎት ቢያለቅስም አይቆጡት። የት ነህ ብለው ይጠይቁልኝ፤ እኔ ስደውል አላነሳልኝም።

የእማዬን ጉልበት ይሳሙልኝ። አምላክ በደጅ የቀረውን በለስ ያለምልምልን፤ ከቤት የወጣውንም በሰላም ያግባልን። እርስዎም ቢያዝኑብኝ እንኳ ምርቃትዎን አይንፈጉኝ።

አደራ የሰጧት ልጅዎ