የአራት ወር ሆድ

ጥቅምት 6

ዛሬም ሁለት ሱሪ ደርቤ ሥራ ገባሁ። ጥቁር በጥቁር። ፀጉር ቤቱ ሞልቶ ነበር። ሦስተኛዋን ደንበኛ ሳጥብ ዓይኔ ጨለመ… ጥፍር ሠሪዋ ከኋላ ደገፈችኝ። «ሬሳ መስለሻል እኮ። ሂጂና ታዪ» አለችኝ። ለፀጉር ቤቱ ባለቤት ግን ሌላ ነው የታያት። ሆዴን በዓይኗ ለክታ «የወሊድ ፈቃድሽን ከአሁኑ ንገሪኝ፣ ሰው መተካት አለብኝ» አለች።

እየደማሁ። በወር ዐሥራ ምናምን ቀን እየደማሁ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው… አርግዣለሁ አሉ፤ ያልሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ጥቅምት 14

አንዲት የማህፀን ሐኪም ጋ ሄድኩ። ብቻዬን። ባሌን አብረን እንሂድ ስለው «የሴት ነገር ውስጥ እኔ ምን አገባኝ» አለ።

ማዮማ ነው አለች፤ የማህፀን ዕጢ። ትልቁ ሆዴን የአራት ወር እርጉዝ አስመስሎታል። ካንሰር አይደለም። ደስ አለኝ… ከዚያ ማስረዳት ጀመረች። ደም የሚቀንስ ኪኒን አለ፣ ዕጢውን ግን አይነካውም። ማህፀን ውስጥ የሚቀመጥ ሉፕ አለ፣ የእኔ ማህፀን ቅርፁ ስለተበላሸ አይቆይም። ወደ ዕጢው የሚሄደውን የደም ሥር መዝጋት አለ፤ እዚህ አይሠራም፣ ቢሠራም መውለድ ለምትፈልግ አትመክረውም። ዕጢውን ብቻ ማውጣት አለ። ማህፀኑን ከነጭራሹ ማውጣት አለ።

«ልጅ ትፈልጊያለሽ?»

ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ከተጋባን አምስት ዓመታችን። አለቀስኩ። መልሱን ከዚያ ወሰደች።

እንግዲህ ዕጢው ብቻ ይወጣል። ከዚያ በፊት በየወሩ መርፌ፤ ዕጢው እንዲያንስ፣ ደሙ እንዲቆምና ሰውነቴ እንዲያገግም። ለባሌም ለአማቴም ማታውኑ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። አማቴ አብረውን ነው የሚኖሩት። «እሺ» አሉ። ምንም አልጠየቁም።

ታኅሣሥ 9

ደሙ ቆሟል። ነጭ አንሶላ አነጠፍኩ። መርፌው ግን የራሱ ጣጣ አለው፤ ድንገት ፊቴ ይነዳል፣ በላብ እጠመቃለሁ። የብረት ኪኒኑ ደግሞ ያቅለሸልሸኛል።

ለአማቴ ይሄ ሁሉ በቂ ነበር። የመታጠቢያ ቤቱን ቆሻሻ ሳይቀር ሲያዩ ከርመዋል ለካ። ራት ላይ ማንኪያቸውን አስቀመጡና፣ በልጃቸው ፊት፣ «የወር አበባሽ ቀርቷል» አሉ።

«መርፌው ነው እማማ።»

«ደብቂው ልጄ። ዓይን ክፉ ነው።»

ባሌን አየሁት። ፊቱ እንደዚያ ሲበራ አይቼ አላውቅም።

ታኅሣሥ 20

ከፋርማሲ የእርግዝና መመርመሪያ ገዛሁ። አንድ መስመር ብቻ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩላቸው። አማቴ መነጽራቸውን አድርገው አገላበጡት። «ስድስት ለወለድኩት ለእኔ ፕላስቲክ ሊነግረኝ?» ባሌ ደግሞ «ገና ስለሆነ ይሆናላ» አለ። ገና? ይሄን ሆድ ተሸክሜ? ላም አለኝ በሰማይ…

ከሁሉ የከፋው እንክብካቤው ነው። ቦርሳዬን ይይዝልኛል። ከወገቤ ሥር ትራስ ያደርግልኛል። አምስት ዓመት የት ነበርክ? የሚንከባከበው ሌላ ሰው ነው። እኔ የእሱ ማለፊያ በር ነኝ።

ጥር 25

የቀዶ ጥገናው ቀን የካቲት 10 ሆነ። ደም የሚሰጡ ሁለት ሰዎች ይዤ እንድመጣ አዘዙኝ። ባሌና ወንድሙ እሺ አሉ። አማቴ ባሌን ጠርተው ጓዳ ገቡ። አልወደድኩትም።

የካቲት 10

ጋውን ለብሼ፣ ምግብ ሳልቀምስ ጠበቅኩ። አልመጡም። የሁለቱም ስልክ ዝግ ነው። ጥፍር ሠሪዋ ጋ ደወልኩ፣ ሥራዋን ጥላ ሮጣ መጣች። መዘኗትና ክብደትሽ አይበቃም ብለው መለሷት። ተራዬን ለሌላ ሴት ሰጡ። የሚቀጥለው ክፍት ቀን ሚያዝያ መጨረሻ።

ቤት ስገባ ባሌ ጫማውን እንኳን ሳያወልቅ ተቀምጧል። እናቱ አጠገቡ።

«የገዛ ልጁን ሊያወጡበት ደሙን ይስጥ?» አሉኝ።

እሱን ጠበቅኩ። አንድ ነገር እንዲል…

«ምናልባት ቢሆንስ?» አለ።

በምናልባት ሸጠኝ።

የካቲት 11

ሆድ ይፍጀው።

መጋቢት 28

ለቀዶ ጥገናው የታዘዘልኝ መርፌ በየካቲት አብቅቶ ነበር፤ ጉልበቱም አለቀ። ደሙ ዛሬ ጠዋት ተመለሰ፣ ያውም ከድሮው ብሶ። ፎጣውን ይዤ አማቴ ፊት ቆምኩ። «ይኸው የልጅ ልጅዎ» አልኳቸው። ክፋት ነው፣ አውቃለሁ። ደስ ብሎኝ ነው ያልኩት።

ፎጣውን አዩ። እኔን አዩ።

«አስወረድሽው» አሉ። ድምፃቸውን እንኳን ከፍ አላደረጉም።

ሚያዝያ 5

ሆስፒታል ተኝቼ ነው የምጽፈው። የደንበኛ ራስ እያጠብኩ ወደቅኩ። የፀጉር ቤቱ ባለቤት በመኪናዋ አመጣችኝ፤ ወንበሩ ላይ መጀመሪያ ፕላስቲክ አንጥፋ። ይሁን፣ ደም የሰጠችኝም እሷ ናት።

ስነቃ ሐኪሟ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሐኪም ሲቀመጥ ደግ አይደለም።

«ደሙ እምቢ አለን። ማህፀንሽን ማውጣት ነበረብን።»

«በየካቲት ቢሆን ኖሮስ?»

ብርድ ልብሴን እስከ ደረቴ ሳበችልኝ። ሌላ አልጠየቅኳትም።

ሚያዝያ 13

ቤት ነኝ። አማቴ ሳሎን ቁጭ ብለው ጎረቤት እየተቀበሉ ያለቅሳሉ። ለእኔ መስሎኝ ነበር፣ የኔ ነገር። ለልጁ ነው። አንዷ ጎረቤት መኝታ ቤቱ በር ላይ ብቅ ብላ «እግዜር ይተካልሽ» አለችኝ። በምን በኩል?

ግንቦት 3

ባሌ በሳምንቱ ሐኪሟ ጋ ሄዶ ነበር። ዕጢ እንጂ ፅንስ አልነበረም ብላ አስረድታዋለች። እናቱ ደግሞ «ሐኪም ለሐኪም ይሸፋፈናል» አሉት። የማንን እንዳመነ ዛሬ አወቅኩ።

ከሰዓት በኋላ መጥቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። የቁስሉን ፋሻ ልለውጥልሽ ይለኛል ብዬ ነበር።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ… እንዳትቆጪ።»

«ጠይቅ።»

«ወንድ ነበር?»

ስንቴ ነው እውነቱን የነገርኩት? እንዴት ያመመኝ አንድ ቀን ጠይቆኝ ያውቃል? ማህፀን የሌላት ሚስት አጠገቡ ተኝታ፣ እሱ የሚያለቅሰው ላልነበረ ሰው ነው። ማልቀስ የነበረብኝ እኔ ነኝ። ሊኖር ይችል የነበረው የእኔ ነበር።

«ወንድ ነበር» አልኩት። «ቁርጥ አንተን። ደም አጥቶ ነው የሞተው።»

መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ ገባው። ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ ወደ እናቱ ክፍል ሄደ። ልቅሶው በግድግዳው ይሰማኛል፤ እሳቸውም አብረውት ጀምረዋል።

ልመልሰው እችል ነበር። ውሸቴን ነው ማለት ብቻ ነው።

በሩን ዘግቼ ተኛሁ። ደህና እንቅልፍ ወሰደኝ።