በረኛው ይሞታል ወይ?

የካቲት 3
የወንበር እግር ስጠግን ዋልኩ። ማታ ልጄ መጣች። ያው የዓይን ነገር... «አባዬ፣ ሞራውን ይግፈፉልህ።» ዓይኔን ቢላ አይነካውም አልኳት። ወፍራም ልብ ወለድ ትታልኝ ሄደች። ዘንዶ ያለበት! ለኔ?

የካቲት 5
ፊደል የቆጠርኩት ብቻዬን ነው፤ ከሱቅ ሰሌዳና ከመጠቅለያ ጋዜጣ። እንዲህ ያለ ውሸት ላነብበት አልነበረም። ደግሞ ጸሐፊው አናጢ ጠይቆ አያውቅም። ያን የሚያህል የከተማ በር በሁለት ማጠፊያ ይሰቀላል? ወድቆ ሰው ይፈጃል።

የካቲት 9
በሩ ወደቀ! ለካ ጸሐፊው አውቆ ነው... ሻዩ ሳልነካው ቀዘቀዘ።

የካቲት 14
ሽማግሌው በረኛ ዘንዶው ፊት ብቻውን ቆሟል። «ሽሽ» ቢሉት እንቢ ብሏል። ደግ አደረገ። ጺሜን ልላጭ ሄድኩ፤ ለካ ጸጉር አስተካካዩ መጽሐፉን ጨርሶታል። «ጋሼ፣ የት ደረሱ? በረኛው እኮ...» «ዋ! አንዲት ቃል ብትተነፍስ!» ግማሽ ጺሜ ብቻ እንደተላጨ ወጣሁ። ሰው ሳቀ። ይሳቅ።

የካቲት 17
ፊደሉ ጭጋግ ሆነ። መስኮት ስር፣ መብራት ስር፣ በማጉያ መነጽር... እንቢ አለ። ልጄ «ላንብብልህ» አለች።
«ሰው አንብቦልኝ አያውቅም።»
«እንግዲያው በረኛህ እዚያው ተገትሮ ይቅር።»
ምላሷ! ማንን መስላ ይሆን? ስንጎራደድ አመሸሁ። ይሞታል ወይ? መጽሐፉን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ፣ ከፈትኩ...

የካቲት 18
ቀጠሮ ያዢ አልኳት። ቀኙን ብቻ። እልል አለች። «ለአንቺ ብዬ አይደለም» አልኳት።

መጋቢት 2
ሐኪሟ «ምን አስቸኮለዎት አባት?» አለችኝ። «ዘንዶ» አልኳት። ዞራ ልጄን አየቻት።

መጋቢት 11
ፋሻው ከተነሳ ወዲህ ፊደሉ ጥርት ያለ ነው። ዛሬ ጨረስኩት። የመጨረሻውን ገጽ ሁለቴ አነበብኩት... ለማጣራት ነው። ቀጣዩን ክፍል ፍለጋ መጽሐፍ ሻጩ ዘንድ በረርኩ። «ቀጣይ የለውም አባባ፣ በዚሁ አለቀ።» እንዴት ያልቃል?

መጋቢት 13
ልጄን ለግራውም ቀጠሮ ያዢ አልኳት። በሁለቱም ዓይን እንደገና አነበዋለሁ። «እስከዚያ መጽሐፉን ውሰጂ፣ ገጽ እንዳታጥፊ» አልኳት። በሩ ላይ ቆማ፣ «በረኛው ይሞታል እንዴ አባዬ?»
«አንብቢ!»
እዚህም አልጽፈውም። ይህን ደብተር ሰርቃ ታያለች፤ አውቃታለሁ።