ኮቴን ያወለቅኩበት ቅዳሜ

ታኅሣሥ 7፣ 73። ማክሰኞ፣ ከምሳ በኋላ

ዛሬም አራት። ቆጠርኳቸው። ሸሚዝ፤ ከሸሚዙ በላይ እጅጌ የሌለው ሹራብ፤ ከሹራቡ በላይ ሰደርያ፤ ከሁሉም በላይ ኮት። ኮቱ አይቆለፍም፣ የሥሮቹ እንዲታዩላት። ወ/ሪት ፀዳለን ነው የምልሽ ደብተሬ። ከአዲስ አበባ ተመድባ ወር ያልሞላት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ። ያላት ልብስ በሙሉ አንድ ሻንጣ አይሞላም፤ ቤቷ ገብቼ በዐይኔ ዐይቻለሁ። ግን ዛሬ የደረበችውን ነገ ከሥር ታደርገዋለች፣ ኮሌታውን አንድ ቀን ታወጣዋለች አንድ ቀን ትከተዋለች፣ በየቀኑ አዲስ የለበሰች ትመስላለች።

ለማን ነው ይሄ ሁሉ? ከቢሯችን መስኮት የሚታየው የታሰረ በቅሎና የመካነ ሰላም አቧራ ነው። በቅሎው እስካሁን አላደነቃትም።

እሷስ ትሁን፣ ያደገችበት ነው። የኔ ንቀት ለተከታዮቿ። ጓድ ኃላፊያችን እንኳ ከካኪው ሥር ባለአንገት ሹራብ ጀመረ። ጠዋት ስብሰባ ላይ ስለ ንዑስ ከበርቴ አምሮት አንድ ሰዓት ሲያስረዳን ላቡ በጆሮ ግንዱ ይወርዳል። አውልቆት እንዳያስረዳን ሸሚዙ ተቀዷል፤ ባለፈው ሳምንት ዐይቼዋለሁ። እኔ ቃለ ጉባኤ እጽፋለሁ። አንድ ሹራብ፣ አንድ ጉርድ፣ አበቃ። ቀዳዳዬም የራሴ ነው።

ታኅሣሥ 11። ቅዳሜ፣ ገበያ

እማዬ መጣች። እንደ ወትሮው። ከገጠር ሁለት ሰዓት በእግሯ ተጉዛ፣ ከገበያ በፊት የጽ/ቤቱ በር ላይ ቆማ ያችኑ ጥያቄ ትጠይቃለች። ወረቀት መጣ?

አልመጣም። የታናሽ ወንድሜ የጌታነህ የመጨረሻ ደብዳቤ በሰኔ ነው፣ ከሰሜን ጦር ግንባር። ስድስት ወር። እኔ ታይፒስት ስለሆንኩ የመንግሥት ወረቀት ሁሉ በእጄ የሚያልፍ ይመስላታል። እኔ የማየው የማዳበሪያ ሪፖርት ነው።

እንደ ሁልጊዜው እሷው አጽናናችኝ። አብሽሪ፣ መንገድ ዘግቶት ነው አለች። ከዚያ የባቄላ ቆሎ በመሐረብ ሰጥታኝ ሄደች። ገበያ ውስጥ እስክትጠፋ ከኋላዋ ዐየኋት። አሳዘነችኝ፣ ማዘኔም አናደደኝ። ፀዳለ መስኮቱ ጋ ቆማ እናትሽ ናቸው? አለችኝ። የማን ትሁን።

ታኅሣሥ 14። ማክሰኞ

ማስታወቂያ ተለጥፏል። ራሴ ነኝ የመታሁት። ቅዳሜ ከክፍለ ሀገሩ ጉብኝት ይመጣል፣ ሠራተኛው በሥርዓት ለብሶ ይገኝ። ከዚያ ወዲህ ሥራ የለም። አንዱ ክራቫት ሊዋስ፣ አንዱ የዘበኛውን ካፖርት ሊለምን ይሯሯጣል። ሞያ ሲጠፋ ልብስ ይደረባል ማለት ይሄ ነው።

ፀዳለ ጠረጴዛዬ ጋ መጣች። ጥሩ ጥሩ ልብስ እያለሽ ለየብቻው ታባክኚዋለሽ አለችኝ። ትምህርት ሰጠችኝ! ስስ ከሥር፣ ወፍራም ከላይ። ጠቆር ያለው ከውጭ። አንገት ላይ አንድ ደማቅ ነገር፣ ሌላው ሁሉ ዝም ይበል። ሻርፕ ላውስሽ? የሰው ወርቅ አያደምቅ አልኳት። ሳቀች፤ አልተቀየመችም። የማትቀየም ሰው አልወድም።

ታኅሣሥ 17። ዓርብ፣ ከሥራ መልስ

በሬን ዘግቼ ሞከርኩት። ሳቂብኝ ደብተሬ። የናቁት ያስረግዛል ይላሉ፣ ይኸው።

ነጩ ሸሚዝ። በላዩ ሰማያዊው ሹራብ፣ ኮሌታው ወጥቶ። የሹራቡ ክርን ተበስቷል፤ ግራጫው ኮት ሸፈነው። የኮቱ አንገት ደግሞ አልቋል፣ ገበሩ ይታያል። እሱን ምን ይሸፍነው? የሰው ሻርፕ አልለብስም ብያለሁ። ነጠላዬን አራት አጥፌ አንገቴ ላይ ጠመጠምኩት። አረንጓዴና ቀይ ጥለቱ ወደ ላይ፣ ጫፎቹ ኮቱ ሥር ገብተው።

እውነቱን ልንገርሽ? አማረብኝ። ያው አሮጌ ኮት፣ ያው ሹራብ፣ ግን በትንሿ መስተዋት ውስጥ ያለችው የሆነ መምሪያ ኃላፊ ናት። ለሩብ ሰዓት ያህል ከፊቷ አልተነሣሁም። አፈርኩ፣ ግን አልተነሣሁም።

የቄስ ልጅ ነኝ፣ ጥለት ወደ አንገት የሚገለበጠው ለኀዘን እንደሆነ ማንም አይነግረኝም። ግን ያ ነጠላ ተዘርግቶ ትከሻ ላይ ሲወድቅ ነው። ይሄ ተጣጥፎ ኮት ውስጥ የገባ ነው። ሻርፕ ሆኗል። ማን ይሳሳተዋል?

ታኅሣሥ 18። ቅዳሜ፣ ጠዋት 4 ሰዓት

እንግዶቹ አልደረሱም። ሁላችን ተደራርበን ተደርድረናል፣ ወንበር ላይ የተከመረ የልብስ ክምር ይመስል። ፀዳለ ስታየኝ እጇን አጨበጨበች። ኃላፊው፣ “ጓድ ውድነሽ፣ ዛሬ ዘንጠሻል” አለኝ። የእሱ ምስጋና ምን ይሠራልኛል ብዬ ሦስት ጊዜ አስታወስኩት። ፀሐዩ እየበረታ ነው።

ታኅሣሥ 19። እሑድ

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ስድስት ሰዓት ላይ ስልክ መጣ። መኪናቸው አቀስታ ላይ ተበላሽቶ ተመልሰዋል። ጽ/ቤቱ በሙሉ የኮቱን ቁልፍ ፈታ። እኔም አልቦኝ ነበር፣ ኮቴን አውልቄ ወንበሩ ላይ ሰቀልኩት። ጫፎቹን የያዘው ኮቱ ነበር። ነጠላው ተፈታና ትከሻዬ ላይ ተዘረጋ፣ ጥለቱ አንገቴ ላይ እንዳለ። ልብ አላልኩም። ዘበኛው እናትሽ መጡ አለኝ። እንዳለሁ ወጣሁ።

ፊቴን አላየችም። አንገቴን ነው ያየችው። የያዘችው ቋጠሮ ከእጇ ወደቀ።

“ወይኔ ጌታነህ! ልጄን! ልጄን በሉብኝ?”

መሬት ላይ ወደቀች፣ አፈር በራሷ ላይ ትበትናለች። ገበያው ከአጥሩ ማዶ ነው። ሴቶቹ ዕቃቸውን እየጣሉ፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ እያሰሩ ሮጠው መጡ። የማላውቃቸው ሰዎች ለወንድሜ ደረታቸውን ይመታሉ። ደኅና ነው፣ ምንም አልሆነም፣ ወረቀትም አልመጣም ብዬ እጮሃለሁ። ባልጮህ ይሻል ነበር። መርዶ የያዘ ሰው ሁሉ የሚጀምረው ደኅና ነው ብሎ ነው። አንዲት አሮጊት እጄን ይዘው፣ “አብሽሪ ልጄ፣ አሁንማ ደብቀሽ የት ታደርሺዋለሽ” አሉኝ።

እማዬ ቀና አለች። ታዲያ ጥለቱን ለምን ገለበጥሽው አለችኝ።

ፀዳለ በረንዳ ላይ ናት፣ ኃላፊው ከኋላዋ፣ ከተማው በሙሉ ከፊቴ። ሲስቁብኝ የኖሩ ሳይሆኑ ስስቅባቸው የኖርኩ ሰዎች። ለማማር ነው እማዬ አልኩ።

ልቅሶው እንዳለ ቆመ። አንዷ እንትፍ ብላ ነጠላዋን ከወገቧ ፈታች። እማዬ ትመታኛለች ብዬ ጠበቅኩ። አልመታችኝም። ተነሥታ ነጠላውን ከትከሻዬ አነሣችው፣ ገለበጠችው፣ ጥለቱን ወደ ታች አድርጋ እንደገና አለበሰችኝ፣ ልጅ ሳለሁ ቤተ ክርስቲያን ስትወስደኝ እንደምታደርገው። ፊቷ ላይ አፈሩ እንዳለ ነበር።

አባባም ገበያ ወርደው ኖሯል። ያየኋቸው ያኔ ነው፣ ከአጥሩ ማዶ፣ የአህያውን ገመድ ይዘው፣ በሌላ እጃቸው አፋቸውን ሸፍነው። ወደኔ አልመጡም። አፈሩብኝ አልኩ። እማዬን ደግፈው ወሰዷት።

ታኅሣሥ 23። ሐሙስ

ከተማው መሳቂያ አግኝቷል። ጠላ ቤቱ ሁሉ ለማማር ነው እያለ ነው። ኃላፊው ስለ ኋላ ቀር ልማድ ንግግር አደረገ፣ እኔን እያየ፣ ባለአንገት ሹራቡን ለብሶ። ቃለ ጉባኤውን ጻፍኩለት። የሆሄ ስሕተቱን አላረምኩለትም፣ ይቅርታም አልጠይቅም።

ፀዳለ ቤቴ ድረስ መጣች። ጥፋቱ የኔ ነው፣ የአገሩን ወግ ሳላውቅ መከርኩሽ አለች። ወጉን የማውቀው እኔ ነኝ፣ የተሳሳትኩትም እኔ ነኝ፣ ይቅርታ የምትጠይቀው እሷ! አንድ ብርጭቆ ውኃ ሰጥቼ ሸኘኋት። ከሄደች በኋላ አለቀስኩ። አለባበሱን የተማርኩት ከእሷ ነው፣ ንቀቱን ግን ማንም አላስተማረኝም።

ታኅሣሥ 25። ቅዳሜ፣ ገበያ

እማዬ መጣች። እየሳቀች! ከሩቅ አንገቴን አየችና በመዳፏ አፏን ይዛ ሳቀች። ለጎረቤቱ ሁሉ ራሷ እየተረከችው ነው አሉ፣ እኔ እንዴት እንደቆምኩ፣ እሷ እንዴት እንደወደቀች፣ እያስመሰለች።

ሞተ የተባለ ሰው ዕድሜው ይረዝማል አለችኝ። በቁሙ አለቀስኩለት፣ እንባው ወጥቶለታል፣ ከእንግዲህ ምንም አይነካውም። ሌሊት መባነኗም ቀርቷል። ለጌታነህ ጋቢ ጥጥ እየፈተለች ነው፣ ለጥምቀት ይደርሳል። ለመጀመሪያ ጊዜ ወረቀት መጣ ወይ አላለችኝም።

ደስ አለኝ ደብተሬ። ጅልነቴ አንድ ነገር ጠቀመ ብዬ ቀኑን ሙሉ ቀለል ብሎኝ ዋልኩ።

ታኅሣሥ 27። ሰኞ፣ 8 ሰዓት

አባባ መጡ። ብቻቸውን። ጽ/ቤቱ በር ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ። ጉልበታቸውን ሳምኩ። መቋሚያቸውን ደጋግመው አዞሩና ነገሩኝ።

ከኅዳር ጀምሮ ያውቃሉ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ቤተ ክርስቲያን ድረስ መጥቶ፣ ከቅዳሴ በኋላ ለብቻቸው ጠርቶ ነግሯቸዋል። ጌታነህ የለም። ቀኑን እንኳ ለሊቀ መንበሩ አልነገሩትም፣ በክረምቱ ውስጥ ነው ብቻ። ከሽማግሌዎቹ ጋር መክረው፣ እህሉ ይወቃ፣ ጾሙ ይፈታ፣ ገና ይለፍ፣ ከዚያ ጎህ ሲቀድ ለእናቱ ይረዳ ተባባሉ። ለለቀስተኛ የሚቀርብ እንዳይጠፋ። ለኔ ያልነገሩኝ ፊቴ አይደብቅም ብለው ነው። እንግዲህ አርባ ቀን ከእማዬ ጋር አንድ መሶብ ሲበሉ፣ እሷ ወረቀት ፍለጋ ስትነሣ ደኅና ግቢ እያሉ ሲሸኙ ኖረዋል።

ከዚያ ስለዚያ ቅዳሜ አወሩ። ከአጥሩ ማዶ ሆነው ጥለቴን ሲያዩ፣ በመሥሪያ ቤት ሰምቼ እኔው ያረዳኋት መስሏቸው ኖሯል።

“እፎይ አልኩ፣ ውድዬ። እግዜር ይቅር ይበለኝ። ልጄ ሸክሜን አወረደችልኝ አልኩ።”

ቀጥሎ የሰሙት የኔን መልስ ነው። ለማማር ነው። አልወቀሱኝም። እናትሽ ግን ከዚያ ወዲህ ትዘፍናለች አሉ፣ እየፈተለች፣ እሱን እያነሣች። ይሄን ነው ልሸከመው ያልቻልኩት አሉ። ሽማግሌዎቹ ጥር 2 ቀን ቆርጠዋል። ከዋዜማው እንድገኝ።

አልቅሼ አልጨረስኩም፣ ግን ይሄን መጻፍ አለብኝ። ጥር 2ን አልጠብቅም። የሞተ ልጅ ጋቢ ስትፈትል እያየሁ ገናን አልውልም። ሰባት ሽማግሌ ጎህ ሲቀድ ደጇ ተገትሮ አይነግራትም። እንባዋን በከንቱ ያፈሰስኩባት እኔ ነኝ፣ ልቧንም ያረጋጋሁት እኔው። እኔ እነግራታለሁ። ይሄንኑ ስነግራቸው አባባ፣ በጾም ለለቀስተኛው ምን ይቀርባል አሉ። ንፍሮ አልኳቸው። መቋሚያቸውን አንሥተው፣ በይ ነገ በጠዋት አብረን እንወጣለን አሉ። ኃላፊውን ፈቃድ አልጠይቅም፣ እሄዳለሁ።

አንድ ነገር ብቻ አስጨነቀኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ጥለቱን ገልብጦ ይገባል፣ አፍ መክፈት የለበትም። እኔ ገልብጬ ብገባ ትስቃለች። ደግሞ ለማማር? ትለኛለች።

ስለዚህ በአፌ ነው። ነገ እስክንደርስ ቃሉን ላጥና። እንዲህ ብዬ እጀምራለሁ፦ እማዬ፣ እንዝርቱን አስቀምጪውና…