የማይነካውን ፋይል ስለ መንካቴ

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን

ለምሳሳልህ ወንድምዓለም፦

ሰላምታዬን ሳልጨርስ የምነግርህ አንድ ነገር አለኝ፤ ከዘገየሁ ድፍረቴ ይጠፋል ብዬ ፈራሁ። አትንኪው ያልከኝን ፋይል ነካሁት። አንዴ ብቻም አይደለም። እባክህ እስከ መጨረሻው ሳታነብ አትቆጣ። ብትቆጣም ባሕር ላይ ስለሆንክ ቁጣህ እኔ ጋ እስኪደርስ ይበርዳል ብዬ ተጽናንቻለሁ።

አሁን ወደ ሰላምታው ልመለስ። እንዴት ነህ? ጤናህ እንዴት ነው? ጀርባህስ? ሳሉ ለቀቀህ? ለሞተሩ ጩኸት የሚሰጧችሁን የጆሮ መድፈኛ በእውነት ታደርገዋለህ ወይስ እቤት እንዳስለመድከን ኪስህ ውስጥ ይውላል? ባለፈው ከወደብ የደወልክ ጊዜ ይህን ሁሉ ልጠይቅህ አስቤ ነበር፤ ስልኩ እጄ ሲገባ ግን ደህና ነኝ ብዬ ለእማዬ መለስኩት። ታውቀኛለህ። ስልክ ስይዝ ቃላቶቼ ተመካክረው የሚጠፉ ይመስለኛል። ወረቀት ላይ ግን ማንም አያየኝም። እኛ ካንተ ናፍቆት በቀር ምንም የጎደለብን የለም፤ ሁላችንም ደህና ነን።

ነገሩ የጀመረው እማዬ የኮፒ ቤቱን ሁለት ኮምፒውተሮች ለማስደምሰስ የወሰነች ጊዜ ነው። በእሷ አትፍረድ። ትተህልን የሄድከው ሊኑክስ የሚባል ስርዓት ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አላስቸገረንም ነበር። በቅርቡ ግን ደንበኞች በፍላሽ የሚያመጡት ጽሑፍ ሲከፈት ፊደሉ ባዶ ሳጥን ሳጥን እየሆነ መጣ። ስትሄድ የገዛሃት ትልቋ ፕሪንተርም እንደምታውቃት ናት፤ እኛ አኩራፊዋ ነው የምንላት። መብራቷን ታበራለች እንጂ አንድ ገጽ አትሰጥም። እማዬ ጨርቅ አልብሳ የአበባ ማሰሮ አስቀምጣባት ነበር። ከዚያ ደግሞ በየጠዋቱ ስክሪኑ ላይ፣ ይህ እትም ከዚህ ወር በኋላ ጥገና አያገኝም የሚል ማስታወቂያ ይመጣ ጀመር። እማዬ ያንን እንደ ፍርድ ቤት መጥሪያ ነው ያየችው።

ከመንገዱ ማዶ ያለውን የኮምፒውተር ጠጋኝ ታስታውሰዋለህ፣ ሰፈሩ ሁሉ ፎርማት የሚለውን። ስሙን ያገኘው በሥራው ነው፤ ማንኛውንም ዕቃ ብትወስድለት መልሱ ፎርማት ይደረግ፣ ማለትም ሁሉም ተጠርጎ ይጥፋ ነው። እሱ መጥቶ ከእማዬ ትከሻ በላይ አጎንብሶ አየና ሳቀ። "ይሄን የጫነላችሁ ልጅ ተመራማሪ ነው፤ እናንተ ግን እንጀራችሁን ነው የምትፈልጉት" አላት። ነገ፣ ሐሙስ በሦስት ሰዓት መጥቶ ሁለቱንም ሊያጠፋቸውና ሰው ሁሉ የሚጠቀምበትን ሊጭንላት ተስማሙ። ጽሑፎቻችንን አስቀድሞ እገለብጣለሁ ብሏል። ያንተን ፋይል ግን ማን ይገለብጠዋል? ምን እንደሆነም አያውቅም። እኔ ከኋላው ኮምፒውተር ጀርባ ተደብቄ ሁሉንም ሰማሁ።

አሁን ሌላ ነገር ልናዘዝልህ። ፋይሉን መጀመሪያ የከፈትኩት ያን ቀን አይደለም፤ ከሄድክ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ልነካው አልነበረም፣ ላነበው ብቻ ነበር። ስምንተኛ ክፍል ላይ ላቆመ ሰው የሚገባ አይመስለኝም ነበር፤ ግን አንተ በየመስመሩ አጠገብ ማሽኑ የሚዘለውን፣ ሰው ብቻ የሚያነበውን ማስታወሻ በኛው ፊደል ጽፈህ ነበር። "የእማዬ ዓይን ይደክማል፣ ፊደሉ ይተልቅ" ይላል አንዱ። "ሚጡ ኪቦርዱን ስለምትደበድበው ይህ ቁልፍ ይዘጋ" ይላል ሌላው። ቤታችን ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው። ሲከፋኝ እየከፈትኩ አነበው ነበር። ስለዚህ ፎርማት የሚያጠፋው ኮምፒውተሩን ብቻ መስሎ አልታየኝም።

እያነበብኩ የገባኝን ልንገርህ፤ ከተሳሳትኩ ሳቅብኝ። በሌላ ኮምፒውተር ሰው አንድ ነገር ሲፈልግ እዚህም እዚያም ይነካካል፤ ከወር በኋላ ምን እንደነካ ራሱም አያስታውስም። አንተ በጫንከው ላይ ግን መጀመሪያ የምትፈልገው ፋይሉ ውስጥ ይጻፋል፤ ማሽኑ አንብቦ እንደተጻፈው ይሆናል። የተጻፈው ከተሰረዘ ነገሩም ይቀራል። እማዬ ለደንበኞች እንደምትጽፈው ማመልከቻ ነው፤ መጀመሪያ ወረቀቱ ላይ ያልሰፈረ ነገር አይፈጸምም።

ፎርማት ከሄደ በኋላ የአዲሱን እትም መግለጫ ኢንተርኔት ላይ ፈለግኩና አተምኩት፣ በትንሿ ፕሪንተር። አሥራ አንድ ገጽ ሙሉ እንግሊዝኛ ነበር። መዝገበ ቃላትህን ከመደርደሪያው አውርጄ አምስት ከሰዓት በኋላ ፈጀሁበት። ደንበኛ ሲመጣ ከጠረጴዛው ሥር እከተዋለሁ። ግማሹ ለትልልቅ ማሽኖች ስለሆነ ዘለልኩት። የገባኝን ግን ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። የስርዓቱ ልብ ታድሷል፤ ድሮ የማያውቃቸውን ብዙ ዕቃዎች አሁን ያውቃል። የፕሪንተሩ ክፍል እንዳዲስ ተሠርቷል፤ ከረጅሙ ዝርዝር ውስጥ የአኩራፊዋን ሞዴል ቁጥር በጣቴ እየተከተልኩ ሳገኘው ልቤ ዘለለች። የኛን ፊደል የያዙ ተጨማሪ ቅርጾች ገብተዋል። ያንቀላፋ ኮምፒውተር ቶሎ ይነቃል። ከሁሉ የወደድኩት ደግሞ፣ ማሻሻያው ከመጀመሩ በፊት ምን ገብቶ ምን እንደሚወጣ ዘርዝሮ ያሳይሃል፤ ሳይጠይቅ አይነካህም። እንደሱ ዓይነት ሰው ቢኖር እኔም ብዙ ባልፈራሁ።

ሰኞ እማዬ ምሳ ልትሠራ ስትገባ ከፊተኛው ወንበር ተቀመጥኩ። ፋይሉን ከፍቼ የእትሙን ቁጥር በአዲሱ ለወጥኩና ትእዛዙን ሰጠሁ። ፓስወርድ ጠየቀኝ። የራሴን አስገባሁ፤ አንቺ ማነሽ ብሎ እንደሚመልሰኝ እርግጠኛ ነበርኩ፣ እንደውም ቢመልሰኝ ግልግል ነው ብዬ ነበር። አልመለሰኝም። ዝም ብሎ ሥራውን ጀመረ። ግራ ስለገባኝ ፋይሉን እስከ ታች ወረድኩበት። እስከዚያ ድረስ አንብቤ የማላውቀው መጨረሻ ላይ፣ ሁሉን ማድረግ የሚፈቀድላቸው ሰዎች ተጽፈዋል። ያንተ ስም አለ። አጠገቡ የኔ አለ። ከላዩ ደግሞ ከመሄድህ በፊት የነበረውን ቀን ጽፈህ፣ "እሷ ትችላለች፤ አልነገርኳትም" ብለሃል።

ወንድምዓለም፣ አትንኪው ብለኸኝ ስታበቃ እንዲህ ታደርጋለህ? ሁለት ዓመት ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ሆኖ በር ላይ ቆሜ ነበር ማለት ነው። ተናደድኩብህ፤ ወዲያው ደግሞ ብቻዬን ሳቅሁ።

ይሁን እንጂ ቶሎ አልተሳካልኝም። ማሽኑ መጀመሪያ እምቢ አለኝ፤ ግን እምቢ ያለበትን ምክንያት ነገረኝ። በዚህ መስመር ያለው መጠሪያ በአዲሱ እትም ተቀይሯል፣ እንዲህ ብለሽ ጻፊ ይላል። ጻፍኩ። ከዚያ ልቤ አበጠና ሳልጠየቅ አንድ መስመር ሰረዝኩ። ማስታወሻ ያልጻፍክበት ብቸኛው መስመር እሱ ስለነበር ትርፍ መሰለኝ። ማስታወሻ የሌለው ነገር አይጠቅምም ብዬ ነበር፤ ለካ ላንተ ግልጽ ስለነበር ነው ያልጻፍክበት። ስክሪኑን የሚያበራው እሱ ኖሯል። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲነሳ ጥቁር ሆነ። ማራገቢያው ይዞራል፣ ከፊቴ ግን ምንም የለም።

እማዬ እጇን እየጠረገች ስትወጣ እኔ እንደ ሐውልት ደርቄያለሁ። ጥቁሩን ስክሪን አየች፣ እኔን አየች። ማመልከቻው ኮምፒውተሩ ውስጥ በግማሽ የቀረ ጡረተኛ በአሥር ሰዓት ይመጣል።

"ምን አደረግሽው?" አለችኝ።

ቁልፉን ተጭኜ አጠፋሁትና እንደገና አበራሁት። ያኔ፣ ልክ ሲነሳ፣ ሌላ ጊዜ ዓይኔ እያየ የማልፈው ዝርዝር መጣ። ይህ ኮምፒውተር እስከ ዛሬ የኖራቸው ኑሮዎች በየቀናቸው ተደርድረዋል። ከላይ የኔ ጥፋት አለ፣ ከሥሩ ከጥፋቴ በፊት የነበረው። ቀስቱን አንዴ ወደ ታች ተጫንኩ። ስክሪኑ ቦግ አለ። ትልልቁ ፊደል፣ የእማዬ ማመልከቻ፣ ሁሉም እንደነበረ።

"ትናንት ላይ መለስኩት" አልኳት። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም።

እማዬ ወንበር ስባ ተቀመጠች። "እንግዲያው የሃያ ዓመቱን ወገቤን አብረሽ መልሺልኝ" አለች። እንደዚያ ስትስቅ ካንተ መሄድ ወዲህ ሰምቻት አላውቅም። ከዚያ ከጎኔ አልተነሳችም። የሰረዝኩትን መስመር መለስኩ፣ ከላዩም "ይህ ስክሪኑን ያበራል፣ አይሰረዝ" ብዬ የመጀመሪያ ማስታወሻዬን ጻፍኩ። ለሦስተኛ ጊዜ ትእዛዙን ሰጠሁ። የሚገባውንና የሚወጣውን ዘረዘረ፤ እሺ አልኩት። ሠራ።

የአበባ ማሰሮውን ያነሳችው እማዬ ራሷ ናት። ጨርቁን ገፍፋ የአኩራፊዋን ገመድ ሰካች። መጀመሪያ አጉረመረመች፣ ቀጥሎ አስነጠሰች፣ ከዚያ ሁለት ዓመት ሆዷ ውስጥ የቆየውን ወረቀት ጥርት ባለ ጽሑፍ አወጣችው። ጡረተኛው ሲመጣ ማመልከቻው ሳይቀዘቅዝ እጁ ገባ። ልጁ በፍላሽ የላከለት አባሪም ነበረው፤ ፊደሉ አንድም ሳጥን ሳይሆን ተከፈተ። ሰውየው መነጽሩን ከፍ አድርጎ ማነው የሠራው ብሎ ጠየቀ፤ እማዬ በአገጯ ወደ እኔ አሳየች። እኔ ወደ ወለሉ አየሁ።

የኋላውን ኮምፒውተር ማክሰኞ አደረግኩት። እሱ ምንም ድካም አልነበረውም። ፋይሉን በፍላሽ ወስጄ ሰጠሁት፤ ሻይዬን ሳልጨርስ የፊተኛው መንታ ሆኖ ጠበቀኝ። ደንበኞች አሁን ሁለት ወንበር ላይ ይስተናገዳሉ። ይህን ደብዳቤም የምጽፍልህ በእሱ ነው፤ የምታትመውም አኩራፊዋ ናት። ጫፉ ላይ ትንሽ ጥቁር ካለበት እሷ ናት፣ ይቅር በላት።

የቀረው ፎርማት ነው። እማዬ ትነግረዋለች ብዬ ተማምኜ ነበር። ዛሬ ጠዋት አቀራረቤን አሳምሬ፣ እንዳይመጣ ደውለሽ ንገሪው ብላት ሥራዋን ሳትተው፣ "የሠራሽው አንቺ፣ የምትነግሪውም አንቺ" አለችኝ። ለመንኳት፣ አልሰማ አለች። ካልነገርሽው ግን ቃሌ ቃል ነው፣ ይሠራዋል፤ የሚያስተዳድረው ሰው የሌለው ዕቃ ቤቴ አላኖርም አለችኝ። የምታደርገው ይመስለኛል። ስለዚህ ኮምፒውተሮቹ ድነው አልዳኑም፤ አሁን የቀረው የኔ አፍ ብቻ ነው። ከሰው ጋር ስነጋገር እንዴት እንደምሆን አንተ ታውቃለህ። ደግሞ እሱ ይስቃል። ሲስቅ ሰው ሁሉ አብሮት ይስቃል።

እማዬ ደህና ናት፣ ዓይንህን በዓይኔ ያሳየኝ ብላሃለች፤ ጉንጭህን ደጋግማ ስማለች። አያታችን ጆሮው ትንሽ ከብዶታል እንጂ ቀልዱ እንደነበረ ነው፤ ኮምፒውተሩ ትናንት ላይ ተመለሰ ብለን ስንጮህለት፣ እኔንም ከትናንት ወዲያ ላይ ተዉኝ አለን፤ መርቆሃል። ሚጡ ፊደል ጨርሳለች። ከደብዳቤው ጋር በላከችልህ ሥዕል ላይ ያለው መርከብ ነው፣ እኔ ድመት መስሎኝ ተጣልተናል፤ ከላይ የቆምከው አንተ ነህ። ጓደኞችህን ሰላም በልልኝ፤ ሹራቡን ያዋሰህን የመርከቡን ወጥ ቤት ደግሞ አመሰግነዋለሁ በልልኝ።

ነገ በሁለት ሰዓት ተኩል ከፊተኛው ወንበር እቀመጣለሁ፤ ከስክሪኑ ጀርባ ሳይሆን በር በሩን እያየሁ። ፎርማት ሲገባ አልነሳም፣ ከተነሳሁ እሸሻለሁ። "ጤና ይስጥልኝ፣ እነዚህን የማስተዳድረው እኔ ነኝ" እለዋለሁ። ለመስታወቱ አሥር ጊዜ ብዬዋለሁ፤ ሰባቱ ደህና ነበር። ቢስቅ፣ ስቆ እስኪጨርስ እጠብቅና ደግሜ እለዋለሁ። እሱ ከሄደ በኋላ ፋይሉን እከፍታለሁ። እሷ ትችላለች፤ አልነገርኳትም ካልክበት ሥር የነገን ቀን እጽፍና አንድ ቃል እጨምርበታለሁ፦ "ሰምታለች።"

እህትህ