ግራ ክንፏን እኔ ጨረስኩት

አባዬ፣

ደብዳቤ ሲጀመር ጤና ይጠየቃል፤ አንተን ግን ምን ብዬ ልጠይቅህ? ይልቅ እኛ ደህና ነን። ከተለየኸን ሰባት ወር አለፈ። እማዬ ጥቁር ልብሷን ገና አልቀየረችም፤ ግን መብላትም መቆጣትም ጀምራለች፣ ስለዚህ አታስብ። የጓዳው ጣሪያ ሲያፈስ እኔው ወጥቼ ደፈንኩት። ሴት ልጅ ጣሪያ ላይ ብሎ ጎረቤቱ ሁሉ አፉን ያዘ። ያንተ ልጅ መሆኔን ረስተውት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ጄትህ አልቃለች።

አትቆጣ። ከደብረ ዘይቱ አየር ኃይል ጡረታ ወጥተህ ጉለሌ ቤታችን ከገባህ ጀምሮ ሁለት ዓመት ሙሉ መስኮቱ ሥር ስትሠራት አንድም ቀን እንድነካት አልፈቀድክልኝም። ሃያ ዓመት የጠገንከውን ተዋጊ ጄት፣ ፎቶ እንኳ ሳታይ ከጭንቅላትህ አውጥተህ፣ ክንድ በምታህል መጠን ከዋንዛ ጠረብካት። ጎማዎቿ የካፖርት ቁልፍ፣ እግሮቿ የጃንጥላ ሽቦ። የአብራሪው መስታወት ደግሞ በፈላ ውሃ አለስልሰህ ያጎበጥከው የሳሙና ማስቀመጫ ክዳን ነው። እማዬ ያንን ክዳን እስካሁን ትፈልገዋለች። አልነገርኳትም።

የሰፈሩን አጫሽ ሁሉ ለምነህ ያጠራቀምከውን የሲጋራ ብርማ ወረቀት ካርቶን ላይ እየለጠፍክ ቆዳ አደረግክላት። ከዚያ ያ የማያልቅ ሥራ መጣ፦ በእውነተኛው ጄት ላይ ቆርቆሮውን የሚያያይዙትን የምስማር ራሶች በሙሉ፣ ከካርቶኑ ጀርባ በመርፌ ጫፍ እየወጉ አንድ በአንድ ጉብ ጉብ ማድረግ። ማን ያየዋል ብዬ ስጨቀጭቅህ፣ አብራሪውም አያየውም ነበር፣ አውሮፕላኑ ግን ያውቀዋል አልከኝ። ቀኝ ክንፏን ጨርሰህ ግራውን ስትጀምር ሳንባህ ከዳህ።

አርባህ ከወጣ በኋላ መስኮቱ ሥር ተቀመጥኩ። ግማሿ ብር ለብሶ ግማሿ ባዶ እንጨት ሆኖ ሳያት አንጀቴን በላችው። መርፌህን አነሳሁ፤ እጄ ግን እንዳንተ አልሆነልኝም፣ መስመሩ ተወላገደ። ሦስት ጊዜ ቀድጄ ጣልኩ። ከዚያ ነው የስፌት መኪናዬ ትዝ ያለኝ። ይህን ያህል ዓመት ልብስ ሰፊ ሆኜ እንዴት እንደጠፋኝ እንጃ። ክሩን አወጣሁ፣ ካርቶኑን ከመርፌው ሥር አስገባሁና የመኪናዋን ጎማ በእጄ ቀስ እያልኩ አዞርኩ። ሁለት መርፌ ሰበርኩ፤ መስመሩ ግን ቀጥ ብሎ፣ እኩል እኩል ተራርቆ ወጣ። እውነቱን ልንገርህ አባዬ፣ ምስማሮቼ ካንተ ምስማሮች ያምራሉ።

ወሬው ቀበሌ ደረሰ። ለአብዮት በዓል የእጅ ሥራ ኤግዚቢሽን ስላለ ሊቀመንበሩ ራሱ ቤታችን መጣ። እማዬ ከበሩ ስታየው ክው አለች። ጄቷን አውሱን ሲል በደስታ ሰጠሁት፤ የለመንኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ደምሴ የሠራት ተብሎ እንዲጻፍ። አብራሪዎቹ ከጄቱ ጋር ፎቶ ሲነሱ አንተ ሁልጊዜ ከፎቶው ውጭ መፍቻ ይዘህ የቆምክ ሰው ነበርክ። አንድ ቦታ እንኳ ስምህ ይታይ ብዬ ነው። እሺ አለኝ።

በመክፈቻው ቀን የቀበሌው አዳራሽ ስገባ ጄቷ መሀል ላይ ቆማለች፣ ሥሯ ግን በቀይ ቀለም «በቀበሌያችን ሰፊ ሕዝብ የተሠራ» የሚል ካርቶን አለ። ደሜ ፈላ። ሰፊው ሕዝብ መቼ ነው እኛ መስኮት ሥር የተቀመጠው? ሊቀመንበሩን ብጠይቀው ግለሰብን ማግነን የለም ብሎ ፊቱን አዞረ። አፌን ልከፍት ስል እማዬ ክንዴን ያዘችኝ። ባሌን ቀብሬያለሁ፣ አንቺን ደግሞ የት ሄጄ እፈልግሻለሁ አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ዘመኑን ታውቀዋለህ።

ካርቶኑን አልነካሁም። ከጄቷ አጠገብ መቆም ግን ማንም አልከለከለኝም። ሦስቱንም ቀን ቆምኩ። ከቀጨኔ የመጣ፣ ከአዲሱ ገበያ የመጣ፣ ከዊንጌት በኩል መጽሐፉን እንደያዘ ብቅ ያለ ተማሪ፣ ለሁሉም ቁልፉን፣ የጃንጥላውን ሽቦ፣ ምስማሮቹን አሳየሁ። አባቴ ደምሴ ነው የሠራት፣ የጄት መካኒክ ነበር እያልኩ ድምፄ እስኪዘጋ ተናገርኩ። በሁለተኛው ቀን የሰማው ላልሰማው ይነግር ጀመር። አንዷ ሴትዮ እንዲያውም ለእኔው ለራሴ ታስረዳኝ ያዘች፤ እስክትጨርስ ሰማኋት። እንዲህ ኮርቼ አላውቅም።

በሦስተኛው ቀን ማታ አዳራሹ ሲዘጋ ካርቶኑ እንዳለ ነበር። ሊቀመንበሩ ቁልፍ በእጁ ይዞ እየወጣ ወደ ዘበኛው ዞረና፣ የጋሽ ደምሴን ጄት በጨርቅ ሸፍናት፣ አቧራ እንዳይነካት አለው። ምን እንዳለ የገባው ቆይቶ መሰለኝ፣ ቀና ብሎ አየኝ። እኔም አየሁት።

እኔ እያለሁ ስምህ ከጄቷ አይለይም አባዬ፤ ለልጆቼም እንዲሁ እነግራቸዋለሁ። እንዲያውም ከእንግዲህ እኔ ብቻ አይደለሁም። ዘበኛው ከመጣ ሳምንት ያልሞላው የሩቅ አገር ሰው ነው፤ ጋሽ ደምሴ ማነው ብሎ እንኳ አልጠየቀም። ጨርቁን ይዞ በቀጥታ ወደ አንተ ጄት ሄደ።

ልጅህ አልማዝ