ምን እያደረግሽ ነው?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2004
ዛሬም ኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ ስንቆርጥ ዋልን። ሁለት ጋሪ ጫንን። ወገቤ እንደተለመደው…

ስመለስ ባለሱቁ ከሊል ከበሩ ላይ ጠራኝ። እኔ ስልክ ስለሌለኝ ሰው የሚያገኘኝ በሱ ነው።

«ዳልጮ፣ ያ በነሐሴ ፎቶ ያነሳህ፣ የማደጎ ልጆችን የሚያፈላልገው ሰውዬ ደውሎ ነበር። ልጅቷ ተገኝታለች። ኅዳር ሦስት፣ እሑድ፣ በኔ ስልክ ትደውላለች።»

ልጄ። ሳባ። እናቷ ዓለሚቱ ስትሞት ገና ዓመቷ ነበር። ያኔ ጨንቻ ሸማ እሠራ ነበር። ብቻዬን ላሳድጋት ሞከርኩ፣ አልቻልኩም። በሦስት ዓመቷ ለማደጎ ሰጠኋት። አየርላንድ ወሰዷት። «ተምራ ትመለሳለች» ነበር ያሉኝ። አሁን ዘጠኝ ሆኗታል። ጋሞኛውም አማርኛውም ጠፍቶባታል አሉ። እንግሊዝኛ ብቻ።

እኔ ደግሞ ስምንተኛ ክፍል ከጨረስኩ ሃያ ዓመት። ምን ቀረልኝ?

ዓርብ፣ ጥቅምት 10
የከሊል ሚስት ሁስና የእንግሊዝኛ አስተማሪ ናት። «ጋሽ ዳልጮ፣ እኔ አስተረጉምልዎታለሁ» አለችኝ። እምቢ አልኩ። ስድስት ዓመት ድምፄን ሳትሰማ ኖራ፣ በሰው አፍ?

ከሱቁ ጀርባ የስኳር ጆንያ ላይ ተቀመጥን። እስክትደውል የቀረው ቀን ጥቂት ስለሆነ አንድ ነገር ብቻ መረጠችልኝ፦ አሁን እየሆነ ያለውን መናገር።

«ልጅ በስልክ የሚያወራው እሱን ነው። ምን እያደረግሽ ነው? እየበላሁ ነው፣ እየተጫወትኩ ነው።»

እኛ «እየ»ን ከፊት እናስቀድማለን፣ እነሱ «ኢንግ»ን ከኋላ ያስከትላሉ። ኢት፣ ኢቲንግ። ፕሌይ፣ ፕሌዪንግ። ቀላል ይመስላል። ቤት ስደርስ ግማሹ ጠፋ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 13
«አይ ኢቲንግ» እላለሁ። «አም የት ሄደ?» ትለኛለች ሁስና። ለእኔ አም፣ ለአንቺ አር፣ ለእሷ ኢዝ። ሦስት ለምን አስፈለገ?

ሙዝ ስቆርጥ ጮክ ብዬ «አይ አም ካቲንግ» አልኩ። አብሮኝ የሚሠራው ኤርጫፎ «ወባ ነው ወይስ ምን ሆነሃል?» አለኝ። ሳቅን። ከሳቅኩ ስንት ጊዜዬ ነው?

እሑድ፣ ጥቅምት 19
«እወድሻለሁ»ን ጠየቅኳት። «አይ አም ላቪንግ ዩ» ብዬ ራሴ ሠርቼ ነበር።

«እንደሱ አይባልም፣ ጋሽ ዳልጮ። ለዚህኛው ኢንግ አይገባም።»

«ለምን?»

«አሁን ጀምሮ አሁን የሚያልቅ ነገር አይደለማ። ሁሌም ያለ ነው።»

ደብተሬን ይዤ ወጣሁ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 24
የምሩን ወባ ያዘኝ። ትምህርት የለም።

እሑድ፣ ኅዳር 3
ደወለች!

ከሊል ስልኩን ስፒከር ላይ አደረገልኝ። ድምጿ ቀጭን… «ሃሎ፣ አንክል ዳልጮ!» አለች። አንክል በነሱ አባባ ማለት መሰለኝ። «ዋት አር ዩ ዱዪንግ?» አልኳት። መልሷ ረጅም፣ ይሮጣል። ከመሀል «ድሮዪንግ»ን ለቀም አደረግኩ። ሥዕል እየሳለች ነው። መልሳ እኔን ጠየቀችኝ። «አይ አም ሲቲንግ። አይ አም ሊስኒንግ» አልኩ። ሳቀች! በደንብ ሳቀች። አራት ደቂቃ አወራን። በወሩ እንደገና ትደውላለች።

ሁስና ግን አቀርቅራ መሬት መሬት ታያለች። ምን ሆና ነው?

ሰኞ፣ ኅዳር 4
አንክል አጎት ማለት ነው።

ያኔ ሳባን ስሰጥ የፈረምኩበትን ወረቀት ለሁስና ይዤላት ሄድኩ። ሁለት ገጽ፣ እንግሊዝኛ። ስድስት ዓመት ሣጥን ውስጥ ሲቀመጥ አንድ ቀን እንኳ አስነብቤው አላውቅም። ሁስና ቀስ እያለች ነገረችኝ። እናት ሞታለች። አባትም ሞቷል። ፈራሚው አጎት፣ ዳልጮ። ትመለሳለች የሚል የለበትም፤ ለዘለቄታው ነው።

መሞቴን በገዛ እጄ ፈርሜያለሁ።

ያስፈረመኝ ቢሮ ከተዘጋ ቆይቷል። ማንን ልጠይቅ?

ረቡዕ፣ ኅዳር 13
ከሊል «ተወው» ይላል። «አጎት ሆነህ ድምጿን ብትሰማ አይሻልም? አሳዳጊዎቿ ከደነገጡ ስልኩም ይቀርብሃል።» እውነቱን ነው። ሁስና ደግሞ «አባቴ ሞቷል እያለች ልታድግ ነው?» ትላለች። እሷም እውነቷን ነው። እኔስ?… ሥራ ላይ ቢላው ሁለቴ እጄን ቆረጠኝ።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 8
ደወለች። ምን እያደረግኩ እንደሆነ ቀድማ ጠየቀችኝ።

«ሳባ፣ አይ አም ኖት አንክል» አልኳት። «አይ አም ዩር ፋዘር።»

ስፒከሩ ላይ የሴት ድምፅ ተሰማ፤ አሳዳጊ እናቷ መሆን አለባት። ሳባ አንድ ነገር መለሰችላት። ከዚያ ወደኔ ዞራ ቀስ ብላ ጠየቀችኝ። አጭር ነው። ኢንግ የለበትም። አልገባኝም።

ሁስና ፊቷን በሻሿ ሸፈነች።

«ቲቸር፣ ምን አለች?»

«ቲቸር!»

«የት ነበርክ? ነው ያለችው።»

የማውቀውን ቃል ሁሉ አገላበጥኩ። ለዚህ የሚሆን አንድም የለኝም።

«ንገሪልኝ» አልኳት። «እዚሁ ነበርኩ በያት። ወረቀቱን ማንበብ አልቻልኩም ነበር በያት።»

ነገረችልኝ።

ሳባ አልመለሰችም። ግን አልዘጋችውም። ትንፋሿ ይሰማኝ ነበር። መስመሩ ራሱ እስኪቆረጥ ድረስ እንዲሁ ቆየን።