ለረግረጉ አበባ የተሟገቱት ወይዘሮ ራውኒ ካርፒነን

እናታችን ወይዘሮ ራውኒ ካርፒነን ከአባታቸው ከአቶ ኤሜሊ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሌምፒ፣ በሰሜን ፊንላንድ፣ በኩሳሞ አቅራቢያ በምትገኝ የደን መንደር፣ እ.ኤ.አ. መጋቢት 9 ቀን 1942 ተወለዱ። በኦሉ ከተማ ሥነ ሕይወት አጥንተው ወደ ተወለዱበት መንደር ተመለሱና ጡረታ እስኪወጡ አስተማሩ።

በ1967 ከአባታችን ከአቶ ታውኖ ጋር ጋብቻ ፈጸሙ። አባታችን ረግረግ በማሽን እየቆፈሩ የሚያደርቁ ሠራተኛ ነበሩ። እናታችን ይህን ሥራ ይጸየፉት ነበር። ማዕድ ቀርበው ሳይነጋገሩ የሚነሡበት ቀን ብዙ ነበር።

በ1974 አባታችን ከነማሽናቸው ወደ መንደራችን ረግረግ ተላኩ። እዚያ የሴት ጫማ የሚባለው ቢጫ አበባ ይበቅላል፤ ከዘር ተነሥቶ እስኪያብብ ዓመታት ይፈጅበታል። እናታችን ሄደው ማሽኑ ፊት፣ እርጥቡ መሬት ላይ ተቀመጡ።

«ራውኒ፣ ተነሺ እንጂ! ሰው ጉድ እያለን ነው» አሉ አባታችን።

«ይበል! በዚህ እጅህ ነው ልጆችህን የምታቅፈው? ቀፈፍከኝ።»

አባታችን ሞተሩን አጥፍተው ወረዱ። ከሥራ ተባረሩ፤ በ2003 እስኪያርፉም የተማሪ አውቶቡስ ነዱ። ረግረጉ ከረጅም ሙግት በኋላ በሕግ ተከለለ።

በሰኔ 2011 ግን እናታችን አበቦቹ ከነሥራቸው ተነቅለው፣ ባዶ ጉድጓድ ብቻ ቀርቶ አገኙ። የነቀላቸው የራሳቸው የቀድሞ ተማሪ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ዘማሪ ነው። በግቢው ተክሏቸው በስብሰዋል። እናታችን እዚያው ሄደው ጨበጡትና ለምን እንዳደረገው ጠየቁት።

«መምህርት፣ አበባ እኮ ነው! ሌላ ይበቅላል» አላቸው እየሳቀ።

«ቆይ፣ አንተን የጨበጥኩበትን እጄን ልታጠብ» ብለው ከቤቱ በታች ወዳለው ሐይቅ ወረዱ፤ እያየም ታጠቡ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ አልሰጡትም። እኛም አንሰጠውም።

እናታችን ባደረባቸው የሳንባ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ጥቅምት 20 ቀን 2019 አረፉ። የሁለት ሴት ልጆች እናትና የአራት ልጆች አያት ነበሩ። ሕመሙ ሲጠናባቸው ያ ሰው የአበባ ቅርጫት ላከ፤ «ይህን ከፊቴ አንሡልኝ» አሉ፤ መለስንለት። በኑዛዜያቸው መሠረት ዛሬ ሣጥናቸው ላይ የተቀጠፈ አበባ የለም።

ጌታ የእናታችንን ነፍስ ከደጋጎቹ ጎን ያሳርፍልን። አበቦቹን የነቀለው ሰው ከኋላ ወንበር ተቀምጧል፤ ለእርሱ የሚሆን ምርቃት ፈልገን አጥተናል።

ልጃቸው አይላ